ውጭ አገር መኖር ሰውን እንዴት ይለውጣል? የሚያሳድገውስ፣ የሚያሳምመውስ ምኑ ነው?

 

ስለ ውጭ ኑሮ ሲወራ ሁለት አባባሎች ደጋግመው ይመጣሉ። አንዱ «እሷ እኮ ውጭ ሄዳ ተቀየረች» የሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚባለው በወቀሳ ነው። ሌላው «ሄዶ ሰው ሆነ» የሚለው ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ምስጋና ነው። የሚገርመው ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ሊነገሩ ይችላሉ። ራሱ ሰውየው ግን ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ «ምን ሆኜ ነው? እያደግኩ ነው ወይስ እየታመምኩ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል።

ዛሬ የምናየው ይህን ጥያቄ ነው። ውጭ ላላችሁ ብቻ ሳይሆን ለመሄድ ፕሮሰስ ላይ ላላችሁም፣ ልጃችሁን ወይም እህታችሁን ለሸኛችሁም ይጠቅማልና ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ባዕድ አገር ለምን ያደክማል?

አዲስ አበባ ታክሲ ስትሳፈሩ ምን እንደምታደርጉ አታስቡም። ረዳቱ እጁን ሲዘረጋ ሂሳብ ትሰጣላችሁ፤ «ወራጅ አለ» ትላላችሁ፤ ትወርዳላችሁ። ለማን ከመቀመጫ እንደምትነሱ፣ ማንን «አንቱ» ማንን «አንተ» እንደምትሉ፣ ለቅሶ ቤት ስንት ሰዓት እንደምትቀመጡ፣ ይህን ሁሉ አእምሯችሁ ሳትጠይቁት ይሠራዋል።

ባዕድ አገር ስትገቡ ይህ «አውቶማቲክ» ይቆማል። ሹፌሩን ሰላም ልበለው ወይስ ዝም ብዬ ልግባ? የጎረቤቴን በር ባንኳኳ ትቀየመኝ ይሆን? አለቃዬ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ያለኝ ከልቡ ነው ወይስ በትህትና እምቢ ማለቱ ነው? ቀላል የነበረው ነገር ሁሉ ማሰብ ይጠይቃል። ቋንቋው ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ስልክ መደወል እንኳን ዝግጅት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከባድ ዕቃ ሳይሸከሙ ማታ ላይ ተሸክመው እንደዋሉ የሚደክማቸው። ይህ ስንፍና አይደለም።

ሁኔታውን «የባህል ድንጋጤ» በሚል ስም በሰፊው ያስተዋወቀው ካሌርቮ ኦበርግ የተባለ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ (አንትሮፖሎጂስት) ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ የዘረዘራቸው ምልክቶች ዛሬም ብዙዎች የሚያውቋቸው ናቸው፦ ስለ ውሃውና ስለ ምግቡ ንጽህና ከመጠን በላይ መጨነቅ፣ በትንሽ መዘግየት መናደድ፣ «ሊያታልሉኝ ነው» የሚል ፍርሃት፣ የአገሩን ቋንቋ ለመማር እምቢ ማለት፣ ከአገር ልጅ ጋር ብቻ መዋል መፈለግ፣ ለትንሽ ሕመም መደንገጥና ኃይለኛ ናፍቆት።

ኦበርግ ሂደቱን በአራት ደረጃ ከፍሎታል። መጀመሪያ ሁሉ ነገር የሚያምርበት የጫጉላ ጊዜ አለ፤ ቀጥሎ ሁሉ ነገር የሚያስጠላበት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ማገገም፤ በመጨረሻም መልመድ። ከእሱ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል እንደማያልፍ አሳይተዋል። ለብዙ ሰው ከባዱ ጊዜ ገና የመጀመሪያው ነው፤ ጫጉላ የሚባል ነገር ላያይ ይችላል። ስለዚህ «ሌሎቹ ሲደሰቱ እኔ ብቻ ነኝ የከፋኝ» ብላችሁ በራሳችሁ አትፍረዱ።

ለእኛ ሰው ለየት የሚለው

እኛ ያደግንበት ባህል ውስጥ ትልቁ መምህር ይሉኝታ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ስሜት ጥሩ ጎን አለው፤ እንግዳ እንድናበላ፣ ለቅሶ እንድንደርስ፣ የተቸገረ ጎረቤት እንድናግዝ ያደርገናል። መጥፎ ጎኑ ደግሞ የማንፈልገውን እሺ እንድንል፣ የሚያመንን እንድንደብቅ ያደርጋል።

አሁን እንበልና አንዲት ልጅ ከአዲስ አበባ ለትምህርት ስቶክሆልም ሄደች። ሰው ቤት ተጋብዛ ምግብ ሲቀርብላት በጨዋ ደንብ «አይ፣ በቃኝ» አለች፤ «ኧረ ብዪ! በሞቴ!» እስክትባል እየጠበቀች። የሚለምናት የለም፤ ሳህኑ ተነሳ፤ ተርባ ወደ ቤቷ ሄደች። ክፍል ውስጥ መምህሩን በአክብሮት ዓይኑን ሳታይ ስታናግረው ሰው በራስ መተማመን የጎደላት መሰላት። ቅጽ ስትሞላ የአባቷን ስም የቤተሰብ ስም አደረጉትና ቢሮ ውስጥ በአባቷ ስም ትጠራለች። «ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ለእሷ የፍልስፍና ጥያቄ አይደለም፤ ስሟ በተጠራ ቁጥር የሚመጣ ጥያቄ ነው።

እሁድ ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማታል። ቡና ባታፈላ የሚታዘባት ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ባትሄድ «የት ጠፋሽ?» የሚላት ጎረቤት የለም። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ልማዷ አንድ ጥያቄ ይዞ ይቆማል፦ «ይህን የማደርገው የእኔ ስለሆነ ነው ወይስ ሰው ስለሚያየኝ ነበር?»

ማንም ሳያያት ለብቻዋም ቢሆን ጀበናውን ከጣደች፣ ቡናው የእሷ ነው። ሰው ፊት ሐሳቧን መናገር ነውር የመሰላት ግን ማንም ነውር ስላላላት መናገር ከጀመረች፣ ዝምታው የእሷ አልነበረም ማለት ነው። ከውጭ ኑሮ የሚገኘው እድገት ሥሩ እዚህ ጋ ነው። በነባሩ ሁሉ መጽናት ወይም ሁሉን መጣል ሳይሆን፣ የራስን ከተዋሱት ለይቶ ማወቅ።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ሃጆ አዳምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ ከ1,800 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ስድስት ጥናቶች አቅርበዋል። ውጭ አገር የኖሩ ሰዎች ስለ ማንነታቸው ያላቸው ግንዛቤ ይበልጥ የጠራ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱን ሲፈትሹም «ይህ እሴት በእርግጥ የእኔ ነው ወይስ ካደግኩበት ባህል የወሰድኩት?» ብለው ራሳቸውን ስለሚጠይቁ ነው። ከሁሉ የሚገርመው፣ ለውጡን የወሰነው የኖሩባቸው አገሮች ብዛት ሳይሆን የኖሩበት ጊዜ ርዝመት ነበር። አሥር አገር ዞሮ ፎቶ መነሳትና አንድ አገር በደንብ መኖር አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዊልያም ማዱክስና የአዳም ጋሊንስኪ ጥናት ነው። ከተጠቀሙባቸው ፈተናዎች አንዱ ይህን ይመስላል፦ አንድ ሻማ፣ ክብሪትና በትንንሽ ሚስማሮች የተሞላ ካርቶን ይሰጣችኋል፤ ሻማውን ሰሙ መሬት እንዳይንጠባጠብ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ አብሩት ትባላላችሁ። መልሱ ሚስማሮቹን ማውጣትና ባዶውን ካርቶን ግድግዳው ላይ ቸንክሮ እንደ መቅረዝ መጠቀም ነው። ካርቶኑን የሚስማር ማስቀመጫ ብቻ አድርጎ ያየ ሰው መልሱ አይመጣለትም። ውጭ አገር ረዘም ላለ ጊዜ የኖሩት ይህን የመፍታት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ለጉብኝት ብቻ የሄዱት ግን ይህ ጥቅም አልታየባቸውም። ባዕድ አገር የኖረ ሰው «ይህ ነገር በሌላ መንገድም ሊሆን ይችላል» የሚለውን በየቀኑ ይለማመደዋል።

ሦስተኛው በጀርመን ከ1,000 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የተከታተለ የ2013 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ነው። ውጭ ሄደው የተማሩት አገራቸው ከቀሩት ጋር ሲነጻጸሩ ለአዲስ ነገር ይበልጥ ክፍት፣ ከሰው ጋር ተግባቢ፣ ስሜታቸውም የተረጋጋ ወደ መሆን ሄደዋል። ለዚህ ለውጥ ትልቁን ድርሻ የያዘው እዚያ ያፈሯቸው አዳዲስ ወዳጆች ነበሩ። ክፍሉን ዘግቶ በስልክ የአገሩን ወሬ ብቻ የሚከታተል ሰው ውጭ አገር አለ ማለት ይከብዳል።

አራት መንገዶች

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ቤሪ ወደ ሌላ ባህል የገባ ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል ይላል። የራሴን ባህል ልያዝ? ከአዲሱ ኅብረተሰብ ጋር ልቀላቀል? ከመልሶቹ አራት መንገዶች ይወጣሉ፦

1. የራስን ይዞ አዲሱንም መቀላቀል
2. የራስን ጥሎ አዲሱን ብቻ መሆን
3. ከአዲሱ ርቆ ከራስ ሰው ጋር ብቻ መኖር
4. ከሁለቱም መነጠል

በአብዛኛው ለአእምሮ ጤና የተሻለው የመጀመሪያው ነው፤ ከባዱ ደግሞ አራተኛው። ነገር ግን ምርጫው በእናንተ ብቻ የሚወሰን አይደለም። አዲሱ አገር በቆዳ ቀለም ወይም በሃይማኖት የሚገፋ ከሆነ የመጀመሪያውን መንገድ ያከብደዋል። ስለዚህ የተቸገረን ሰው «አንተ ስላልቻልክበት ነው» ማለት ልክ አይደለም።

ችግር ሁሉ ያሳድጋል?

አያሳድግም! «መከራ ያጠነክራል» የሚለውን አባባል በልክ መጠቀም አለብን። እድገት የሚመጣው ድካሙ ከአቅም ጋር ሲመጣጠንና ሰው የማሰቢያ፣ የማረፊያ፣ የመምረጫ ቦታ ሲኖረው ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችንን አስቡ። የብዙዎቹ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ይህ ነው። ጥሩ ቤት ገጥሟት ቋንቋ ለምዳ፣ ገንዘብ መያዝ ተምራ፣ በራሷ ተማምና የምትመለስ አለች። ፓስፖርቷና ስልኳ የተወሰደባት፣ የዕረፍት ቀን የሌላት፣ የተመታች እህት ግን እየደረሰባት ያለው የባህል ድንጋጤ ሳይሆን በደል ነው። እሷን «ቻይው፣ ታድጊበታለሽ» አይሏትም። የሚያስፈልጋት መውጫ መንገድ ነው።

እድገት ወይስ ሕመም?

የመልመድ ድካም ይመጣል ይሄዳል። ዛሬ ከፍቷችሁ ነገ የሚያስቅ ነገር ካሳቃችሁ፣ ሥራችሁን መሥራት ከቻላችሁ፣ ካለፈው ወር የዘንድሮው ትንሽም ቢሆን ከቀለለ፣ መንገዱ ጥሩ ነው። የሚከተሉት አብዛኞቹ ምልክቶች አብዛኛውን ቀን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ግን ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፦

- ቀኑን ሙሉ መከፋት፣ ወይም ደስ ይል የነበረ ነገር ሁሉ ማስጠላት
- እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት
- የምግብ ፍላጎት መቀየር፣ ክብደት መቀነስ ወይም መጨመር
- ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል
- «ለማንም አልጠቅምም» የሚል ስሜት
- የሞት ሐሳብ

እኛ ጋ ሐዘን በቃል ሳይሆን በሰውነት የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። «ከፋኝ» ከማለት ይልቅ «ራሴን ያመኛል፣ ልቤን ይጫነኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» እንላለን። እናንተን የማያውቅ የውጭ ሐኪም ይህን ሰምቶ ምርመራ አዝዞ «ምንም የለብህም» ሊላችሁ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙን ከነገራችሁት በኋላ «እንቅልፍ የለኝም፣ ብቸኝነት አለብኝ» የሚለውንም ጨምሩለት።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የባህሉ ሳይሆን የፀሐይዋ ነው። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስቶክሆልም በዲሴምበር የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚመጣ ድባቴ የታወቀ ሕመም ነው። ጠዋት ውጭ ወጥቶ መራመድ ይረዳል፤ ለዚሁ የተሠራ ኃይለኛ መብራት ፊት በየጠዋቱ መቀመጥም ሕክምና ነው። የዓይን ሕመም ወይም ባይፖላር ያለበት ሰው ግን መብራቱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ጥቁር ቆዳ ከተመሳሳይ ፀሐይ የሚያመርተው ቫይታሚን ዲ ከነጭ ቆዳ ያነሰ ስለሆነም ድካምና የአጥንት ሕመም ካለ የደም ምርመራ ጠይቁ። ከቤት በማያስወጣ ሥራ ላይ ያለች ሴት ፀሐያማ አገር ብትሆንም ይህ እጥረት ሊያጋጥማት ይችላል። በግምት ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ዲ መዋጥ ግን ጉዳት አለው።

ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል፣ ሊመርዙኝ ነው» ማለት፣ ለቀናት አለመተኛት ከታየ ይህ ጊዜ የማይሰጥ ነው። ስደተኞች ለእንዲህ ያለው ሕመም ተጋላጭነታቸው ከፍ ያለ መሆኑ በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በጊዜ ከታከመ ደግሞ ይሻላል። ጸሎቱ፣ ጸበሉ፣ ዱዓው ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ መድኃኒት አስጥሎ መውሰድ ግን አደጋ አለው።

ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ነገ አትበሉ። አሜሪካ ያላችሁ 988፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያላችሁ 112፣ እስራኤል ያላችሁ 1201 ደውሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. በሳምንት አንድ ቀን ጻፉ። «በዚህ ሳምንት የገረመኝ ወይም ያናደደኝ ነገር ምንድን ነው? ለምን?» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ያናደዳችሁ ነገር ብዙ ጊዜ የምታከብሩትን እሴት ያሳያችኋል።

2. አንድ የአገሩን ሰው ወዳጅ አድርጉ። አሥር አያስፈልግም። የማይገባችሁን ነገር «ይሄ እናንተ ጋ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ የምትጠይቁት አንድ ሰው ብዙ ድካም ይቀንሳል።

3. የአገር ልጅን አትራቁ። ዕድሩ፣ የእምነት ቦታው፣ የእሁድ ቡናው መድኃኒት ነው። ጥያቄው ብቸኛው በር እንዳይሆን ነው።

4. እምቢ ማለትን ተለማመዱ። በትንሹ ጀምሩ፤ «ይቅርታ፣ በዚህ ወር አልችልም» ማለት ለቤተሰብም ይሠራል። ከአቅም በላይ ገንዘብ ለመላክ ሁለት ሥራ ይዞ በቀን አራት ሰዓት የሚተኛ ሰው ውሎ አድሮ ራሱ ረዳት ይፈልጋል።

5. እንቅልፋችሁን ጠብቁ። የሌሊት ፈረቃ ከሆናችሁ ክፍሉን አጨልማችሁ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተኙ። ናፍቆትን በመጠጥ ወይም በጫት ማስታገስ እንቅልፉንም ስሜቱንም ያበላሻል።

6. አስተርጓሚ ጠይቁ። አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች ሆስፒታል ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ በስልክ ጭምር አማርኛ ይገኛል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ለልጁም ሸክም ነው፣ እናንተም ዋናውን ነገር ትደብቃላችሁ።

አገር ቤት ላላችሁ ቤተሰቦች

ስልክ ስትደውሉ ከ«መቼ ትልኪያለሽ?» በፊት «እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምን በላሽ? ከማን ጋር ዋልሽ?» በሏት። ብዙ ሰው ውጭ አገር ታሞ የሚደብቀው ባዶ እጁን መመለስን ስለሚፈራ ነው። «ምንም ባትይዢም ቤትሽ ነው» የሚል አንድ ቃል ከወላጅ ሲሰማ ሕክምና ቶሎ የሚሄድ ሰው አለ።

ሲመለሱም ታገሷቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 ጆንና ጂን ጋላሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ወደ አገር መመለስም የራሱ ድንጋጤ አለው። ሰውየው የተወው ሰፈር ፈርሶ ይሆናል፤ ጓደኞቹ አግብተው ወልደው ይሆናል፤ እሱም ያው አይደለም። በሰዓት መገኘቱን፣ ሐሳቡን በቀጥታ መናገሩን፣ «አይ፣ ይሄ አይመቸኝም» ማለቱን ወዲያው ኩራት አታድርጉት። የተማረውን ነገር ለመያዝ እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ተመላሹም በበኩሉ «እኛ አሜሪካ እኮ…» የሚለውን ንግግር ቀነስ ቢያደርግ መልካም ነው።

በአጭሩ፦ አውሮፕላን መሳፈር ብቻውን ማንንም አያሳድግም፤ መቸገርም ብቻውን አያሳድግም። የሚያሳድገው በተለየ ኑሮ መሀል «የእኔ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ ጥያቄውን አብሮ የሚሸከም ሰው ማግኘትና በቂ ዕረፍት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሰውነት ይናገራል፤ ስሙት።

ውጭ ላለ ወዳጃችሁ ወይም በቅርቡ ለሚሄድ ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልን።

ያላችሁበት አገር ሁሉ ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ!